ክሎሪኑ ተነቀለ፤ የቀረውስ? ፀረ ተባይ የሚሰብሩ የባክቴሪያ ኢንዛይሞች ዳሰሳ

ለዓመታት ዲዲቲ ሲረጭበት የኖረ አፈር ናሙናው ተወስዶ ቢመረመር፣ የዲዲቲው መጠን ከዓመት ዓመት ሲወርድ ይታያል። ብዙ ጊዜ ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ተፈጥሮ ራሷን አጸዳች ይባላል። በዚያው ናሙና ውስጥ ዲዲኢ የተባለውን የሚለካ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ዲዲኢ ከዲዲቲ ላይ አንድ ክሎሪንና አንድ ሃይድሮጅን ሲነሱ የሚቀረው ነው። እንደ ዲዲቲው ሁሉ ውሃን ይሸሻል፣ ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ከዓሣ ወደ ወፍ፣ ከእናት ወደ ጡት ወተት ይሻገራል፤ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከዲዲቲ ይረዝማል። ይህን ክሎሪን የሚነቅሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ዲዲቲ የማይገድላት የቤት ዝንብም ከመርዙ ከምታመልጥባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ለዝንቧ ሕይወት ነው፤ ለአፈሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ።

ክሎሪን ያዘሉ ፀረ ተባዮችን ስለሚሰብሩ ባክቴሪያዎች ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውም ተስፋ የሚሰጥ ነው። ተስፋውን እጋራለሁ። ነገር ግን አንድ ኢንዛይም መርዙን ሰበረ ሲባል፣ ለሚቀጥለው ምን አስረከበ የሚለው ካልተመለሰ ዜናው ግማሽ ነው። ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን በዚያ ጥያቄ በኩል ይመለከተዋል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ፀረ ተባዮች በመጀመሪያ የተወደዱት፣ ዛሬ በሚጠሉበት ባሕርያቸው ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር በ1939 የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት ሲያገኝ፣ አንዴ ግድግዳ ላይ ተረጭቶ ለወራት መግደሉ ትልቁ ጸጋው ነበር። ግኝቱ በ1948 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። የዚህ ጽናት ምንጭ ካርቦንን ከክሎሪን ያያያዘው ትስስር ነው። ክሎሪኖቹ በሞለኪውሉ ዙሪያ በበዙ ቁጥር ኦክስጅን የሚያጠቃበት ቀዳዳ ይጠብባል። ውሁዱ ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟም አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ባክቴሪያው ደግሞ የሚኖረው በእርጥበቱ ውስጥ ነው።

ያም ሆኖ ክሎሪን የተሸከመ ካርቦን ለሕያዋን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የባሕር አልጌዎች፣ ፈንገሶች፣ ራሳቸው ባክቴሪያዎችም ይሠሩታል። ክሎሪን፣ ብሮሚን ወይም አዮዲን ያዘሉ ከ5,000 የሚበልጡ የተፈጥሮ ውሁዶች ታውቀዋል። ስለዚህ ፋብሪካዎች አዳዲሶቹን መርዞች በገፍ ማምረት ሲጀምሩ፣ አፈሩ ውስጥ ለሌላ ሥራ የዋሉ መሣሪያዎች ነበሩ። የመሣሪያዎቹ ስልት ብዙ አይደለም። አንዳንዱ ኢንዛይም ክሎሪኑን ከጎረቤት ሃይድሮጅን ጋር አብሮ ያወጣዋል። ሌላው ክሎሪኑን አንስቶ በቦታው ከውሃ ያገኘውን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ይተካል። አየር ባለበት የሚሠራ ሌላ ወገን ኦክስጅንን ራሱን ቀለበቱ ላይ ይሰካል። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያው ለሞለኪውሉ ኤሌክትሮን እየሰጠ ክሎሪኑን ያስለቅቃል፤ እኛ ኦክስጅንን ለምንጠቀምበት የመተንፈስ ሥራ እሱ መርዙን ይጠቀማል።

ከሁሉም በጥልቀት የተጠናው የሊንዴን ጉዳይ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም ያለ ቆይታ ማድረግ ያስፈልጋል። መነሻው ሩቅ ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1825 ቤንዚንን ከክሎሪን ጋር በፀሐይ ብርሃን አዋሕዶ፣ ስድስት ካርቦን በቀለበት ተያይዘው እያንዳንዳቸው አንድ ክሎሪን የተሸከሙበትን ውሁድ ሠራ። ኤችሲኤች የሚባለው ይህ ነው። ሆላንዳዊው ተዩኒስ ፋን ደር ሊንደን በ1912 ከውሁዱ ዓይነቶች አንዱን፣ ጋማ የሚባለውን፣ ለይቶ አወጣ፤ ሊንዴን የሚለው ስም የመጣውም ከእሱ ነው። ተባይ ገዳይነቱ የታወቀው በ1940ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለዘር፣ ለእንጨት፣ ለከብት፣ ለሰውም ጭምር ለቅማልና ለእከክ መድኃኒት ሆኖ ዓለምን አዳረሰ።

ችግሩ ፋብሪካው ጋማን ብቻ ማምረት አለመቻሉ ነበር። ከምርቱ ውስጥ ጋማው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው አልፋ፣ ቤታ፣ ዴልታ እየተባሉ የሚጠሩት፣ የአቶሞቻቸው ብዛትና ትስስር አንድ ሆኖ አቀማመጣቸው ብቻ የሚለያይ ወንድሞቹ ናቸው። ተባይ ስለማይገድሉ ይጣሉ ነበር። አንድ ቶን ሊንዴን ሲመረት ከ8 እስከ 12 ቶን የሚደርስ ይህ ቆሻሻ ይተርፋል፤ በዓለም ዙሪያ የተጣለው ከ4 እስከ 7 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። በስፔን ፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ባለችው ሳቢኛኒጎ ከ100,000 ቶን በላይ ተቀብሯል፤ በ2014 ወደ ጋዬጎ ወንዝ ገብቶ ወንዙን የሚጠጡ ከተሞችን ውሃ እስከማቋረጥ አድርሷል። በጣሊያን ሳኮ ሸለቆ ደግሞ በ2005 ቤታው በወተት ውስጥ ተገኘ። የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች ሊንዴንን፣ አልፋንና ቤታን በ2009 በታገዱት ዝርዝር አስገቡ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2015 ሊንዴንን ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው።

ጃፓን ውስጥ ኤችሲኤች ሲረጭበት ከኖረ ማሳ፣ ሊንዴንን ብቸኛ የካርቦን ምግቡ አድርጎ የሚያድግ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ዛሬ ስፊንጎቢየም ጃፖኒኩም ዩቲ26 ይባላል። ሕንድ ውስጥ ስፊንጎቢየም ኢንዲኩም ቢ90ኤ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ስፊንጎቢየም ፍራንሴንሴ ተገኙ። በጃፓን የዩጂ ናጋታ፣ በሕንድ ደግሞ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲው የሩፕ ላል ቡድኖች ለዓመታት ባደረጉት ሥራ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገልጧል።

ሥራውን የሚጀምረው ሊንኤ የተባለው፣ 156 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ኢንዛይም ነው። ከሊንዴን ላይ ሁለት ጊዜ ክሎሪንን ከሃይድሮጅን ጋር እያጣመረ ያወጣል፤ ስድስት የነበሩት ክሎሪኖች አራት ይሆናሉ። ብረትም ሆነ ሌላ ረዳት ሞለኪውል አይፈልግም። ከዚያ ሊንቢ ይረከባል፤ እሱ የሚሠራው በውሃ ነው። በኢንዛይሙ ጉያ ውስጥ ያለ አንድ አስፓርቲክ አሲድ ካርቦኑን ከጀርባው ይይዘዋል፣ ክሎሪኑ ተገፍቶ ይወጣል፣ ከዚያ በሂስቲዲን የተቀሰቀሰ አንድ የውሃ ሞለኪውል ካርቦኑን ከአስፓርቲኩ ያላቅቀዋል። ይህ ሁለት ጊዜ ሲደገም የቀሩት ክሎሪኖች ሁለት ናቸው። ሊንሲ ክሎሪን ሳይነካ ሃይድሮጅኖችን አንስቶ ሞለኪውሉን ያሰናዳል፤ ሊንዲ ግሉታታዮን በሚባለው የሕዋስ ውሁድ እየታገዘ አምስተኛውን ክሎሪን ይነቅላል። ሊንኢ ቀለበቱን ራሱን ሲበጥሰው የመጨረሻው ክሎሪን አብሮ ይወድቃል። የቀረው ተራ የካርቦን ሰንሰለት ስለሆነ ባክቴሪያው እንደማንኛውም ምግብ ለጉልበቱ ያውለዋል። የክሎሪኑ መጨረሻ በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው።

በጽሑፍ ሲነበብ መንገዱ ያለ እንከን የሚሄድ ይመስላል። ሊንኤ ያወጣው ባለ አራት ክሎሪን ውሁድ ግን ሊንቢ ሳይደርስለት ከቆየ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ወደ ትራይክሎሮቤንዚን ይለወጣል፤ ከሊንቢ የመጀመሪያ ዙር በኋላ ያለውም እንዲሁ ወደ ዳይክሎሮፊኖል ሊንሸራተት ይችላል። ሁለቱን ይህ መንገድ አያነሳቸውም፤ ተጠራቅመው ባክቴሪያውን ራሱን ይጎዱታል። ሊንኤ ብቻ ጎበዝ የሆነበት ባክቴሪያ ሊንዴኑን በፍጥነት ያጠፋል፣ በቦታው ሌላ ክሎሪን ያዘለ መርዝ ይተክላል፤ ሊንዴንን ብቻ የለካ ላቦራቶሪ ግን ውጤቱን በአድናቆት ይመዘግባል። ለዚህ ነው የጥናት ዘገባ ሲቀርብልኝ ከጠፋው መቶኛ ይልቅ ስለተለቀቀው ክሎራይድ የምጠይቀው።

ቤታ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሊንኤ ክሎሪንና ሃይድሮጅንን አብሮ ለማውጣት ሁለቱ በጎረቤት ካርቦኖች ላይ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። በቤታ ስድስቱም ክሎሪኖች ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ እንዲህ ያለ ጥንድ አንድም የለም። ስለዚህ ሊንኤ ቤታን ሊነካው አይችልም። ከአራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች በአፈርም በሰው ሰውነትም ረጅም ዕድሜ ያለው ቤታ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ተስፋው ሊንቢ ላይ ነው፣ እሱም ቢሆን እንደ ዝርያው ይለያያል። የዩቲ26 ሊንቢ ከቤታ ላይ አንድ ክሎሪን አንስቶ ይቆማል። ኤምአይ1205 የተባለው ሌላ የጃፓን ዝርያ ግን ሁለተኛውንም ያነሳል። የሁለቱ ኢንዛይሞች ልዩነት ከ296 አሚኖ አሲዶች ሰባቱ ብቻ ናቸው። ሰባት ቦታ ላይ የተደረገ ለውጥ መርዙን በአንድ እርምጃ ወደፊት መውሰዱ ያስደንቀኛል፤ ከሁለተኛው ክሎሪን በኋላ ያለው የቤታ መንገድ እንደ ጋማው የተጠረገ አለመሆኑ ደግሞ ያሳስበኛል።

አልፋም የራሱ ባሕርይ አለው። እንደ ቀኝና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑ ሁለት መልኮች አሉት። የሕንዱ ቢ90ኤ ሁለት ዓይነት ሊንኤ ሲኖሩት፣ አንደኛው አንዱን መልክ፣ ሁለተኛው ሌላውን ያስቀድማል። ይህ ለመስክ ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው፦ በአፈር ወይም በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ያሉት ሁለት መልኮች ሚዛናቸው ከተዛባ፣ መርዙ ታጥቦ ከመሄድ አልፎ በሕያው ነገር እየተሰበረ ለመሆኑ ምልክት ይሆናል።

እነዚህ ጂኖች ከየት መጡ? መልሱ እስካሁን በከፊል ብቻ ይታወቃል። በ2010 የዩቲ26 ጂኖም ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ የመንገዱ ጂኖች አንድ ቦታ ተሰብስበው አልተገኙም። ሊንኤ፣ ሊንቢና ሊንሲ በአንደኛው ክሮሞሶም ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። የሊንዲና የሊንኢ ጂኖች ደግሞ በፕላዝሚድ ላይ፣ ማለትም ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊሻገር በሚችል የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ናቸው። በአጠገባቸው ተዘዋዋሪ የሆነ፣ አይኤስ6100 የሚባል የዲኤንኤ ቁራጭ ተደጋግሞ ይታያል። በጃፓን፣ በሕንድና በፈረንሳይ የተገኙት የሊንኤ ጂኖችም እጅግ ይመሳሰላሉ። ይህ ሁሉ መንገዱ በቅርብ ጊዜ ከተለያየ ቦታ ተለቃቅሞ እንደተገጣጠመ ያመለክታል፤ ሊንኤ ራሱ ከየትኛው ቤተሰብ እንደወጣ ግን ምንጩ አልተገኘም።

የአረም ማጥፊያው የአትራዚን ጉዳይ በዚህ ረገድ ይበልጥ ግልጽ ነው። አትራዚን ገበያ የገባው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ለረጅም ጊዜም አፈር ውስጥ የሚሰበረው በዝግታ ነበር። በ1990ዎቹ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሱዶሞናስ ኤዲፒ የተባለ፣ አትራዚንን እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሞኒያ የሚያደርስ ባክቴሪያ ይዘው ቀረቡ። መጀመሪያ ክሎሪኑን በውሃ የሚተካው ኢንዛይም ኤቲዜድኤ ይባላል፤ 475 አሚኖ አሲዶች አሉት። ሜላሚን ከሚባለው የኢንዱስትሪ ውሁድ ላይ አሚኖ ቡድን የሚያነሳ ሌላ ኢንዛይም ከእሱ የሚለየው በዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው። ሥራቸው ግን ተለያይቷል፤ ኤቲዜድኤ ሜላሚንን አይነካም። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ፣ ገበሬ በሚረጭበት ማሳ ላይ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ የዞረ ኢንዛይም ማለት ይህ ነው። በአንዳንድ አካባቢም አትራዚን አረሙን ሳይጨርስ ከአፈሩ ቶሎ መጥፋት ጀምሯል።

ግን ዝግመተ ለውጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይሳካለትም። ፔንታክሎሮፊኖል የእንጨት መከላከያ ሆኖ የመጣው በ1930ዎቹ ነው። ስፊንጎቢየም ክሎሮፊኖሊኩም ይሰብረዋል፤ ሼሊ ኮፕሊ በዝርዝር ያጠናችው መንገዱ ግን ገና ያልተሞረደ ነው። የመጀመሪያው ኢንዛይም ፒሲፒቢ ቀርፋፋ ነው፣ የሚያወጣው ባለ አራት ክሎሪን ኪኖን ደግሞ ከራሱ ከፔንታክሎሮፊኖሉ የባሰ ሕዋስ አቃጣይ ነው፤ ሌላ ኢንዛይም ወዲያው ተቀብሎ ካላበረደው ባክቴሪያውን ያጠፋዋል። ቀጥሎ ያለው ፒሲፒሲ ደግሞ የራሱ ሥራ ዕቃ ሲበዛበት ይታፈናል። ባክቴሪያው መርዙን የሚበላው እየተጎዳ ነው።

ዲዲቲን በሚመለከት መልካም ዜናው ከዲዲኢ ውጭ ሌላ መንገድ መኖሩ ነው። በ1990ዎቹ የተጠና አንድ ዝርያ ዲኦክሲጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም የዲዲቲን ቀለበት በኦክስጅን አጥቅቶ ከፍቶታል። ውጤቱ ክሎሮቤንዞይክ አሲድ ነው፤ እሱን የሚጨርሱ ሌሎች ባክቴሪያዎች በአፈር ውስጥ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ አንዱ የተወውን ሌላው ያነሳዋል።

አየር በሌለበት ዓለም የሚሠሩት ኢንዛይሞች ማዕከላቸው ኮባልት ነው፤ ከቫይታሚን ቢ12 ጋር ተዛማጅ የሆነ ሞለኪውል ይይዛሉ። ዴሃሎኮኮይደስ የተባለው ባክቴሪያ በ1997 በደረቅ እጥበት ቤቶች የሚሠራበትን ባለ አራት ክሎሪን ፈሳሽ እስከ ኤቲሊን ሲያደርስ ታየ፤ ዛሬ የከርሰ ምድር ውሃ ለማጽዳት በንግድ ደረጃ ይሠራበታል። ወደ ፀረ ተባይ ስንመጣ በጣም የሚያሳዝነው ምሳሌ ክሎርዴኮን ነው። በማርቲኒክና በጓዴሎፕ የሙዝ ማሳዎች ከ1972 እስከ 1993 ተረጭቷል፤ ዛሬ ከደሴቶቹ አዋቂ ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ በደሙ ውስጥ ይገኝበታል። አሥር ክሎሪን የከበቡት፣ እንደ ጎጆ የተዘጋ ሞለኪውል ነው። በአንዳንድ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለመጥፋት ስድስት መቶ ዓመት ያስፈልገዋል ተብሎ ተሰልቶ ነበር፤ ስሌቱ መርዙ በዝናብ ከመታጠብ በስተቀር አይሰበርም ከሚል ግምት የተነሳ ነው። በኋላ ሲትሮባክተርን ጨምሮ ባክቴሪያዎች ጎጆውን ሊከፍቱት እንደሚችሉ ታየ፣ የስብርባሪው ውሁዶችም በራሱ በደሴቶቹ አፈር ውስጥ ተገኙ። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ስብርባሪዎቹም ክሎሪን ያዘሉ ስለሆኑ፣ ለጉበትና ለፅንስ ከራሱ ከክሎርዴኮን ምን ያህል ይሻላሉ የሚለውን ሳይመልሱ ለደሴቶቹ ሕዝብ ጸድቷል ማለት በደል ነው።

ከላቦራቶሪ ወጥቶ የሠራ ነገር አለ ወይ? አለ። በ2000 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ሥራ፣ አትራዚን በፈሰሰበት አፈር ላይ ኤቲዜድኤን እንዲያመርቱ ከተደረጉ በኋላ የተገደሉ የኢ. ኮላይ ሕዋሳት ተበተኑ። ሕዋሳቱ ስለሞቱ አይራቡም፤ ኢንዛይሙ ብቻ ይሠራል። በስምንት ሳምንት አትራዚኑ በ52 በመቶ፣ ፎስፌት ሲጨመር በ77 በመቶ ቀነሰ። በአውስትራሊያ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ነጻ ኢንዛይም 1.5 ሚሊዮን ሊትር በያዘ ግድብ ውስጥ ተጨምሮ በአራት ሰዓት ከ90 በመቶ በላይ አትራዚን አጥፍቷል። ሁለቱም አንድ እርምጃ ብቻ ነው የወሰዱት፤ በዚህ ጉዳይ ግን ያ እርምጃ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ የሚቀረው ሃይድሮክሲአትራዚን አረም አይገድልም፣ አፈር ላይም አጥብቆ ይጣበቃል። ሕንድ ውስጥ ቢ90ኤን በበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ አሳድረው በኤችሲኤች የተበከለ አፈር ላይ ሞክረውታል፤ ዋጋው ርካሽ፣ ዕቃው በማንኛውም ገጠር የሚገኝ በመሆኑ ከሁሉም በላይ የምወደው ሙከራ ነው። ውስንነቱም የታወቀ ነው፦ አፈሩ መርጠብ፣ አየር ማግኘት፣ መሞቅ አለበት፤ ለአሥርት ዓመታት ከአፈር ጋር የተጣበቀውን መርዝ ደግሞ ኢንዛይሙ ሳይደርስበት ይቀራል።

ጉዳዩ ለእኛ የቅርብ ነው። ኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት የወባ ትንኝን በዲዲቲ ስትከላከል ኖራለች፤ በዝዋይ ሐይቅ ዓሦችና በጅማ አካባቢ እናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲና ዲዲኢ ተለክተዋል። ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች በየመጋዘኑ ተከማችተው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። በርሜል ውስጥ ላለው መርዝ ትክክለኛው መንገድ ያ ነው፤ ንጹሕ መርዝ ባክቴሪያውን ይገድለዋል እንጂ አይመግበውም። ሐይቅ ውስጥ ባክቴሪያ እንበትን የሚል ሐሳብም አልቀበልም፤ መርዙ እዚያ እጅግ ቀጭን ሆኖ ስለተሰራጨ ኢንዛይሙ የሚይዘው አያገኝም፣ በዚያ ላይ ዓሣው አስቀድሞ አከማችቶታል።

ኢንዛይሞቹ ቦታቸው በሁለቱ መካከል ነው፦ በርሜሉ ሲያፈስ የኖረበት የመጋዘን ወለል ሥር ያለ አፈር፣ የመርጫ መሣሪያ የሚታጠብበት ጉድጓድ፣ ፀረ ተባይ ይቀመም የነበረበት ግቢ። የጃፓኑም ሆነ የሕንዱ ባክቴሪያ የተገኘው መርዙ ለዓመታት ከወረደበት አፈር ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ እንዲህ ዓይነት ግቢዎች አፈራቸው ከመቆፈሩና ከመጓጓዙ በፊት ውስጡ ምን እንደሚኖር መታየት አለበት፤ ናሙናውን የሚወስደው ላቦራቶሪም ዲዲቲውን፣ ዲዲኢውንና የተለቀቀውን ክሎራይድ አንድ ላይ መለካት ይኖርበታል።